የኩላሊት እጥበት በአዲስ አበባ፦ ከአራዳ ዙሪያ የሚነሣ ታሪክ

በፒያሳ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ቆሞ ዙሪያውን ለሚቃኝ የጤና ባለሙያ የአገራችን ዘመናዊ ሕክምና ታሪክ በአጭር ርቀት ውስጥ ተሰብስቦ ይገኛል። ከአራት ኪሎ በስተምሥራቅ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል አለ። በስተሰሜን፣ ስድስት ኪሎ ላይ፣ ቀድሞ ቤተ ሳይዳ ይባል የነበረው የየካቲት 12 ሆስፒታል ይገኛል። በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወረድ ጥቁር አንበሳ፣ በሰሜን ምዕራብ አቅጣጫ ደግሞ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አሉ። የኩላሊት እጥበት ሕክምና የአዲስ አበባ ታሪክም የተጻፈው በአመዛኙ በእነዚህ ተቋማት ውስጥና ወደ እነርሱ በሚወስዱት መንገዶች ላይ ነው።

ታሪኩ አጭር ነው፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ይሁን እንጂ ከመጀመሪያው አንሥቶ አንድ ጥያቄ ሲከተለው ኖሯል። ይኸውም እጥበት ድልድይ ነው ወይስ ጎዳና የሚለው ነው። ኩላሊቱ በድንገት ሥራውን አቁሞ ከጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት በኋላ ሊያገግም ለሚችል ሕመምተኛ እጥበት ድልድይ ነው፤ ተሻግሮት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ኩላሊቱ ላይመለስ ለደከመበት ሕመምተኛ ግን ዕድሜ ልኩን የሚጓዝበት ጎዳና ነው። የወጪው፣ የሕጉና የሥነ ምግባሩ ክርክር ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ልዩነት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

አራዳና ሁለቱ መለኪያዎች

አራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም በነበረው ገበያ ዙሪያ የደረጀ ሰፈር ነው። ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን ዋናውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው የዛሬውን መርካቶ እስኪያቋቁሙ ድረስ የከተማዋ የንግድ እምብርት እርሱ ነበረ። የዐድዋ ድል በተገኘበት በ1896 የሩሲያ ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ቁስለኞችን አከመ፤ በአዲስ አበባም ሆስፒታል አቋቁሞ እስከ 1906 ቆየ። በ1910 ገደማ የተመሠረተው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዚያ ሥራ ወራሽ ነው። በዚያው በ1910 ጆርጂያዊው ሐኪም ዶክተር ሜራብ በአገራቸው ስም የሰየሙትን ፋርማሲ በአዲስ አበባ ከፈቱ።

የኩላሊት ሕመምን ታሪክ ለሚያጠና ሰው እነዚሁ ዓመታት ሌላ ትርጉም አላቸው። በ1896 ኢጣሊያዊው ሐኪም ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ በክንድ ላይ የሚታሰረውን የደም ግፊት መለኪያ ለሕክምናው ዓለም አስተዋወቁ። በ1905 ደግሞ ሩሲያዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኒኮላይ ኮሮትኮፍ በማዳመጫ የሚሰማውን የደም ሥር ድምፅ ከላይኛውና ከታችኛው የግፊት ልክ ጋር አያያዙት። ዛሬ በየጤና ጣቢያው የሚሠራበት ዘዴ በመሠረቱ ያው የሁለቱ ሰዎች ዘዴ ነው።

ሁለተኛው መለኪያ የሽንት ምርመራ ሲሆን ከዚህም የቀደመ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ብራይት በ1827 ባሳተሙት ሥራ የሰውነት እብጠት፣ የተበላሸ ኩላሊትና በሽንት ውስጥ የሚገኝ አልቡሚን የአንድ ሕመም ገጽታዎች መሆናቸውን አሳዩ። የተጠቀሙበት መሣሪያ ማንኪያና የሻማ እሳት ነበር። የሕመምተኛው ሽንት በማንኪያው ላይ ሲሞቅ ከረጋ አልቡሚን እንዳለበት ይታወቅ ነበር። እንግዲህ የኩላሊት ሕመምን ቀድሞ ለማወቅ የሚያስፈልጉት ሁለቱ ዋና መለኪያዎች ሰው ሠራሽ ኩላሊት ከመታሰቡ በፊት ተገኝተው ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ለኩላሊት መድከም በቀዳሚነት ከሚጠቀሱት ሁለት ምክንያቶች አንደኛው የስኳር በሽታ፣ ሌላው የደም ግፊት ነው። የስኳር በሽታ ለአራዳ ዘመን ሰዎች እንግዳ አልነበረም። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በዚሁ በሽታ ሲሠቃዩ ኖረው በ1930 ዐርፈዋል። ኢንሱሊን ከተገኘ ገና ዐሥር ዓመት አልሞላውም ነበር። በስማቸው በተሰየመው በዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ከብዙ ዐሥርታት በኋላ የኩላሊት እጥበት መሰጠት መጀመሩ፣ ከእጥበት ተጠቃሚዎቹም ብዙዎቹ የስኳር ሕሙማን መሆናቸው፣ የበሽታውን ረጅም ጉዞ የሚያስታውስ ነው።

ድልድይ የሆነው መሣሪያ

ጤነኛ ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራል፤ ከዚህም ውስጥ አብዛኛውን ወደ ደም መልሶ ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር የሚሆነውን በሽንት ያስወግዳል። ይህን ሥራ ከሰውነት ውጭ ለማከናወን የተደረገው ጥረት መነሻው ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ቶማስ ግራሃም ናቸው። ግራሃም በ1861 ስስ ሽፋን ትንንሽ ቅንጣቶችን አሳልፎ ትልልቆቹን እንደሚያስቀር አሳይተው ዘዴውን ዲያሊሲስ ብለው ሰየሙት። በ1913 አሜሪካዊው ጆን ኤብልና ባልደረቦቻቸው የእንስሳትን ደም በቀጭን ቱቦዎች ውስጥ አሳልፈው አጠቡ። ደሙ እንዳይረጋ የተጠቀሙት ከአልቅት የሚገኘውን ሂሩዲን ነበር። በ1924 ጀርመናዊው ጆርጅ ሃስ ዘዴውን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ሞከሩ። ሄፓሪን ከተገኘና ለሕክምና ከዋለ በኋላ የደም መርጋት ችግር በእጅጉ ቀለለ።

ተግባራዊውን ሰው ሠራሽ ኩላሊት የሠሩት ሆላንዳዊው ዊለም ኮልፍ ናቸው። አገራቸው በናዚ ጀርመን ተይዛ በነበረችበት በ1943፣ ካምፐን በምትባል ከተማ፣ ለቋሊማ መጠቅለያ የሚያገለግል የሴሎፌን ቱቦ ከእንጨት በተሠራ ከበሮ መሳይ ሲሊንደር ላይ ጠምጥመው፣ ሲሊንደሩን በጨዋማ ፈሳሽ ገንዳ ውስጥ እያሽከረከሩ ደም ማጠብ ጀመሩ። ከመጀመሪያዎቹ ሕሙማን አብዛኞቹ ሞቱ። በ1945 ግን አንዲት የ67 ዓመት ሴት ከኩላሊት መድከም ባስከተለው ራስን መሳት ነቅታ ድናለች። ከዚያም ለዓመታት ኖራለች።

የዚህች ሴት ሕመም ድንገተኛ ስለነበር ኩላሊቷ አገገመ። ለቀጣዮቹ ዐሥራ አምስት ዓመታት እጥበት በዓለም ሁሉ የሚታወቀው በዚህ መልክ ነበር። በአደጋ፣ በደም መፍሰስ፣ በወሊድ ጊዜ በሚደርስ ጉዳት ወይም በኢንፌክሽን ምክንያት ኩላሊቱ የቆመበትን ሰው እስኪያገግም ድረስ ማሻገሪያ ነበር። ቋሚ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ለምን አይታጠብም ቢባል ምክንያቱ ማሽኑ አልነበረም። በእያንዳንዱ እጥበት የደም ሥርና የደም ቅዳ ቧንቧ እየተከፈተ ቱቦ ስለሚገባበትና ከዚያ በኋላ ስለሚታሰር ሕመምተኛው ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚከፈት ደም ሥር አይቀረውም ነበር።

ድልድዩ ጎዳና ሲሆን

ይህን ችግር በ1960 የፈቱት በሲያትል ከተማ የሚኖሩት ሐኪም ቤልዲንግ ስክሪብነር ናቸው። ደም የማይጣበቅበትን ቴፍሎን ተጠቅመው በክንድ ላይ በቋሚነት የሚቀመጥና በእጥበት መካከል ሁለቱን የደም ሥሮች የሚያገናኝ ቱቦ አዘጋጁ። የመጀመሪያው ታካሚ በመካኒክነት ይሠሩ የነበሩት ክላይድ ሺልድስ ነበሩ። ከሞት አፋፍ ላይ ተነሥተው ዐሥራ አንድ ዓመት ኖረዋል። በ1966 ቺሚኖ፣ ብሬሺያና አፔል የራሱን የሕመምተኛውን ደም ቅዳ ከደም መልስ ጋር በቀዶ ሕክምና የሚያገናኘውን ፊስቱላ አስተዋወቁ። ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ ድረስ ከሁሉ የተሻለ መሆኑ ተመስክሮለታል።

ሕክምናው ለዘላቂ ሕሙማን በተከፈተ ማግሥት ግን ከማሽኖቹ ቁጥር የሚበልጡ ሕሙማን በር ላይ ቆሙ። በ1962 የሲያትል ማእከል ማን ይታጠብ፣ ማን ይቅር የሚለውን የሚወስን ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ አቋቋመ። አባላቱ በአብዛኛው ከሕክምና ሙያ ውጭ የሆኑ የከተማው ነዋሪዎች ሲሆኑ፣ የሕሙማኑን ዕድሜ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ሥራና ማኅበራዊ ኑሮ እየመዘኑ ይወስኑ ነበር። ጉዳዩ በዚያው ዓመት በላይፍ መጽሔት ሲወጣ ታላቅ ክርክር አስነሣ። የዘመናዊው የሕክምና ሥነ ምግባር ትምህርት ከተወለደባቸው ሰበቦች አንዱ ይህ ኮሚቴ እንደሆነ ይነገራል። ክርክሩ የተዘጋው በ1972 የአሜሪካ ምክር ቤት የእጥበትና የንቅለ ተከላ ወጪን መንግሥት እንዲሸፍን ሕግ ባወጣ ጊዜ ነው።

ታሪኩ አዲስ አበባ ሲደርስ

በአገራችን የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው በ1964 ነው። የኩላሊት እጥበት ደግሞ በ1980 ገደማ ለድንገተኛ የኩላሊት ሥራ ማቆም ሕሙማን መሰጠት ጀመረ። ይህም በዓለም ላይ የታየውን ቅደም ተከተል የተከተለ ነው፤ አስቀድሞ ድልድዩ ተሠራ። በ1994 በኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ ድንገተኛ የኩላሊት ሥራ ማቆም ያጋጠማቸውን 136 ሕሙማን ተከታትሏል። በታዳጊ አገሮች የዚህ ሕመም መነሻዎች ወባ፣ ከባድ ተቅማጥ፣ ከጽንስ መቋረጥና ከወሊድ ጋር የተያያዘ ኢንፌክሽን፣ የደም መፍሰስና መርዛማ መድኃኒቶች መሆናቸው የታወቀ ነው። አብዛኞቹ ሊከላከሏቸው የሚቻሉ ናቸው። ሕመምተኛውም ብዙ ጊዜ ወጣት ነው፤ በወቅቱ ከደረሰና ከታጠበ ሙሉ ጤናውን ሊያገኝ ይችላል።

በእነዚያ ዓመታት ኩላሊቱ ፈጽሞ ለደከመበት ሰው በአገር ውስጥ የነበረው ምክር የአመጋገብ ጥንቃቄ፣ የደም ግፊት መድኃኒትና ማጽናናት ነበር። አቅም ያላቸው ወደ ውጭ አገር ይሄዱ ነበር። በ2001 ግን የግል ተቋም የሆነው የቅዱስ ገብርኤል አጠቃላይ ሆስፒታል ዘላቂ የደም እጥበት አገልግሎት ጀመረ። ጎዳናው ተከፈተ ማለት ነው። በዚሁ ሆስፒታል ሲታጠቡ የነበሩ የ91 ሕሙማንን ሁኔታ የመረመረና በ2013 የታተመ ጥናት ከአንድ ዓመት በላይ በሕይወት የቆዩት ከግማሽ በታች መሆናቸውን አሳይቷል። ብዙዎቹ ወደ ሕክምና የመጡት ዘግይተው፣ የደም ግፊታቸው እንደናረና ደማቸው እንዳነሰ ነበር።

ይህ ውጤት የሆስፒታሉ ጥፋት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ሕሙማኑ በሩ ላይ የደረሱት የመጨረሻው ሰዓት ላይ ስለነበር ነው። ከዚያ ወዲህ የዳግማዊ ምኒልክን፣ የዘውዲቱ መታሰቢያንና የቅዱስ ጳውሎስን ጨምሮ በመንግሥት ሆስፒታሎች፣ በግል ማእከላትና በክልል ከተሞች አገልግሎቱ ተስፋፍቷል። ከመቶ ዓመት በፊት ዘመናዊ ሕክምናን ለአዲስ አበባ ያስተዋወቀው የምኒልክ ሆስፒታል ግቢ ለአቅመ ደካሞች እጥበት ከሚሰጥባቸው ስፍራዎች አንዱ መሆኑ ታሪኩን ወደ ተነሣበት ሰፈር መልሶታል።

ውኃ፣ መብራትና የደም ሥር

እጥበት በማሽን ብቻ አይከናወንም። የተለመደው የፈሳሽ ፍጥነት በደቂቃ 500 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ የአራት ሰዓት እጥበት እንግዲህ 120 ሊትር የተጣራ ውኃ ይፈልጋል። በማጣሪያው ሂደት የሚባክነው ሲታከል ከከተማው መስመር የሚቀዳው ከዚህም ይበልጣል። ውኃ በፈረቃ በሚዳረስባት ከተማ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ማጠራቀሚያ ታንከር፣ የማጣሪያ ክፍልና ተጠባባቂ ጄኔሬተር ከማሽኑ እኩል የሕክምናው አካላት ናቸው።

የውኃው ጥራት ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ነው። ሰው በአፉ የሚጠጣውን ውኃ አንጀቱ ያጣራለታል፤ በእጥበት ጊዜ ግን ደሙን ከውኃው የሚለየው ስስ ሽፋን ብቻ ነው። በ1970ዎቹ በተለያዩ አገሮች በእጥበት ላይ የነበሩ ሕሙማን አእምሯቸው ሲታወክ የተገኘው ሰበብ በውኃው ውስጥ የነበረ አሉሚኒየም ነበር። በ1996 በብራዚል ካሩዋሩ ከተማ በአልጌ መርዝ የተበከለ ውኃ ለእጥበት በመዋሉ ከ50 በላይ ሕሙማን ሞተዋል። የእጥበት ማእከል ሲቋቋም የማሽኖቹን ቁጥር ብቻ መቁጠር እንደማይበቃ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ሦስተኛው ጉዳይ የደም ሥር ነው። ፊስቱላ ተሠርቶ ለአገልግሎት እስኪደርስ ድረስ ሳምንታት አልፎም ወራት ይወስዳል። ስለዚህም ሕመምተኛው ገና በእግሩ ሲንቀሳቀስ፣ ኩላሊቱም ፈጽሞ ሳይቆም መታቀድ አለበት። ዘግይቶ የመጣ ሕመምተኛ ግን በአንገቱ ወይም በብሽሽቱ በሚገባ ጊዜያዊ ካቴተር ይጀምራል፤ በካቴተሩም ኢንፌክሽን ይገባል። በየጤና ተቋሙ የኩላሊት ሕመም ያለበትን ሰው ደም የሚቀዱና ግሉኮስ የሚሰቅሉ ነርሶች የማይጽፍበትን እጅ የደም ሥሮች ቢያድኑለት የፊስቱላው ዕድል አብሮ ይድናል። ከዚህም ጋር የሄፓታይተስ ቢ ክትባትና ቫይረሱ ያለባቸውን ሕሙማን ማሽን መለየት ችላ የሚባሉ አይደሉም። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ በአውሮፓ የእጥበት ክፍሎች ሕሙማንና ሠራተኞች በዚሁ በሽታ ሞተዋል።

ያልተሰየመው ኮሚቴ

የሲያትሉ ኮሚቴ በዘመኑ ብዙ ተወቅሷል። የአባላቱ ማንነት ለሕዝብ አይገለጽም ነበር፤ ቢያንስ ግን ኮሚቴው በይፋ የተቋቋመ ነበር፤ የሚመዝናቸውም ነገሮች ይታወቁ ነበር። በአዲስ አበባ እንዲህ ያለ ኮሚቴ ተሰይሞ አያውቅም። ምርጫው ግን አልቀረም። ማን ይታጠብ የሚለውን የወሰነው ለረጅም ጊዜ የቤተሰብ ኪስ ነው።

በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚታጠብ ሰው በዓመት 156 እጥበት ያስፈልገዋል። ሁለት ጊዜ ከሆነ ቁጥሩ ወደ 104 ይወርዳል። በአገራችን ብዙ ሕሙማን በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዶችም አንድ ጊዜ ብቻ የሚታጠቡት ሐኪም ስላዘዘ ሳይሆን ገንዘቡ እስከዚያ ስለሚያደርስ ነው። ጤነኛ ኩላሊት በሳምንት 168 ሰዓት ይሠራል። ሦስት እጥበት ከዚህ ውስጥ ዐሥራ ሁለቱን ይተካል፤ አንድ እጥበት አራቱን ብቻ። ልዩነቱ በሳንባ ውስጥ በሚጠራቀም ውኃና ልብን በሚያቆም ፖታሲየም ይታያል።

የዚህን ኮሚቴ ስብሰባ የአዲስ አበባ ሰው በመንገድ ላይ ያውቀዋል። የሕመምተኛው ፎቶግራፍ የተለጠፈበት መኪና፣ በድምፅ ማጉያ የሚሰማው የእርዳታ ጥሪ፣ ሣጥን ይዘው በሰው መካከል የሚዞሩት ዘመዶች ለከተማዋ ነዋሪ እንግዳ አይደሉም። ፒያሳ ለረጅም ዘመን በወርቅ ቤቶቿ የታወቀች ናት። ለሙሽራዋ የተገዛ ጌጥ በክፉ ቀን ተመልሶ የሚሸጠውም እዚያው ነው። ዕድሩ ያዋጣል፣ ዕቁቡ ቀድሞ ይወጣለታል፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ከደመወዙ ያስቆርጣል። ይህ ደግነት ለድልድይ ይበቃል፤ መጨረሻ ለሌለው ጎዳና ግን አይበቃም። አዋጪው ሰው ሳይጨክን ይደክማል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የፒያሳ ነባር ሰፈሮች ፈርሰው ብዙ ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሲዛወሩ የአካባቢው መልክ ተለውጧል። ለእጥበት ሕመምተኛ የመኖሪያ ቤት ለውጥ ከአድራሻ ለውጥ ይበልጣል። በሳምንት ብዙ ጊዜ የሚመላለስበት መንገድ ይረዝማል፣ የሚያዋጣለት ዕድርም ይበተናል። የከተማ ዕቅድና የዘላቂ ሕሙማን ክትትል በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሊታዩ የሚገባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕጉም ድልድዩንና ጎዳናውን ለይቶ አይቷቸዋል። በ2012 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት የማኅበራዊ ጤና መድን ደንብ ቁጥር 271 የአካል ክፍል ንቅለ ተከላንና ከድንገተኛ የኩላሊት ሥራ ማቆም በስተቀር የኩላሊት እጥበትን በመድን ከሚሸፈኑት አገልግሎቶች ውጭ አድርጓል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ስሌት ለመረዳት አይከብድም። ለአንድ ሰው ዓመታዊ እጥበት የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ሕፃናትን ያስከትባል፣ ብዙ እናቶችን ያዋልዳል። ይሁን እንጂ ስሌቱ ሙሉ የሚሆነው ሕመምተኛው እዚያ ደረጃ እንዳይደርስ የሚያደርገው ርካሽ ሕክምና ለሁሉም ሲዳረስ ነው። ጎዳናውን ዘግቶ ወደ ጎዳናው የሚያስገባውን በር ክፍት መተው ስሌት አይደለም።

ንቅለ ተከላ

በ1954 በቦስተን ጆሴፍ መሪ ከመንትያ ወንድሙ የተገኘን ኩላሊት ለሕመምተኛው በተሳካ ሁኔታ ከተከሉ ወዲህ፣ ለሚችለው ሰው ከእጥበት የተሻለው ሕክምና ንቅለ ተከላ መሆኑ ታውቋል። ኢትዮጵያውያን ሕሙማን ለዚህ ሕክምና ለብዙ ዓመታት ባሕር ማዶ መሻገር ነበረባቸው። በሴፕቴምበር 2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ በአሜሪካ ከሚገኘው ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማእከል ሥራ ጀመረ። ኩላሊቱ የሚገኘው በሕይወት ካለ ዘመድ ነው።

ንቅለ ተከላ የራሱ ጎዳና አለው። ሰውነት የተተከለውን ኩላሊት እንዳይገፋው የሚወሰደው መድኃኒት ዕድሜ ልክ አይቋረጥም። ዘመድ የሌለው፣ ዘመዱም የስኳር ወይም የግፊት ሕመምተኛ የሆነበት ሰው ለጋሽ አያገኝም። ስለዚህ ንቅለ ተከላው መጀመሩ የእጥበትን አስፈላጊነት አልቀነሰውም፤ ለጋሽ እስኪገኝ ድረስ ሕመምተኛውን በሕይወት የሚያቆየው እጥበቱ ነውና።

ከማሽኑ በፊት

ቋሚ የኩላሊት ሕመም ከሦስት ወር በላይ የቆየ የኩላሊት ጉዳት ወይም የማጣራት አቅም ከ60 በታች መውረድ ተብሎ የሚተረጎም ሲሆን፣ በአምስት ደረጃዎች የተከፈለው በ2002 ነው። አምስተኛው ደረጃ አቅሙ ከ15 በታች የወረደበት ነው። ይህ አከፋፈል ከአራቱ ቀዳሚ ደረጃዎች በአንዱ ላይ ያለውን ሰው፣ ሕመም ሳይሰማው የሚመላለሰውን፣ ሕመምተኛ ብሎ ለመጥራት አስቻለ። የማጣራት አቅምን ከክሬያቲኒን በማስላት ረገድም በ2021 ዘርን የማይጠቅስ አዲስ ቀመር ቀርቧል። የቀደመው ቀመር ለጥቁር ሕዝቦች ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጥ ስለነበር ሕመሙን ከእውነታው ቀላል አስመስሎ ሊያሳይ ይችል ነበር።

ሕክምናውም እንደ ማሽኑ የተራራቀ አይደለም። በ1993 የታተመ ጥናት ካፕቶፕሪል የተባለው የግፊት መድኃኒት የስኳር ሕሙማንን ኩላሊት ከመድከም እንደሚያዘገይ አሳየ። የእርሱ ወገን የሆነው ኢናላፕሪል በአገራችን መድኃኒት ቤቶች የሚታወቅ ርካሽ መድኃኒት ነው። በ2019ና በ2020 የወጡ ትልልቅ ጥናቶች ደግሞ ለስኳር ሕክምና የተሠሩት ካናግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን የኩላሊትን መድከም እንደሚያዘገዩ አረጋግጠዋል። የዳፓግሊፍሎዚን ጥቅም ስኳር በሌለባቸውም ሕሙማን ላይ ታይቷል። የደም ግፊትን ከ130 በ80 በታች ማድረግ፣ ጨው መቀነስ፣ እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አለመውሰድ፣ እንደ ጄንታማይሲን ያሉ መድኃኒቶችን መጠን ማስተካከል፣ ምንነታቸው ካልታወቀ የባህል መድኃኒቶች መቆጠብ ማሽን አይጠይቁም።

የሚጠይቁት ጊዜና ትኩረት ነው። የግፊት ሕመምተኛ ለመድኃኒት እድሳት ሲመጣ ካርዱ ላይ ፊርማ ብቻ ተጨምሮ የሚመለስ ከሆነ፣ የስኳር ሕመምተኛ ሽንቱ ለአልቡሚን ሳይታይ ዓመታት የሚያልፉ ከሆነ፣ የክሬያቲኒን ውጤት «ትንሽ ከፍ ብሏል» ተብሎ ከታለፈ፣ ያ ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ በድምፅ ማጉያ ስሙ ከሚጠራባቸው አንዱ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ቋሚ የኩላሊት ሕመም እስከ መጨረሻው ድረስ ምልክት አያሳይም። ሕመምተኛው ስላላማረረ ጤነኛ ነው ማለት አይቻልም።

ማጠቃለያ

የኩላሊት እጥበት ከኮልፍ የእንጨት ሲሊንደር ተነሥቶ አዲስ አበባ እስኪደርስ አርባ ዓመት ያህል፣ ከድልድይነት ወደ ጎዳናነት እስኪሸጋገር ደግሞ ሌላ ሃያ ዓመት ፈጅቷል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ብዙ ተሠርቷል፤ በ2001 በአንድ የግል ሆስፒታል የተጀመረው አገልግሎት ዛሬ በመንግሥት ሆስፒታሎችም ይሰጣል፣ የንቅለ ተከላ ባለሙያዎችም በአገር ውስጥ ሠርተዋል። ወጪውን በዘላቂነት የሚሸከም የመድን ሥርዓት መዘርጋት ግን ገና የሚጠብቅ ሥራ ነው። ይህም የሐኪሙን፣ የሕግ አውጪውንና የኅብረተሰቡን ግልጽ ውይይት ይጠይቃል። ምርጫ የማይቀር ከሆነ መስፈርቱ ታውቆ፣ በስም በሚታወቁ ሰዎች ኃላፊነት ሊደረግ ይገባል። ሳይሰየም የሚወስነው ኮሚቴ ይግባኝ የለውም።

የጤና ጣቢያው ነርስ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያውና ጠቅላላ ሐኪሙ ግን እስከዚያ የሚጠብቁት አዋጅ የለም። ሪቫ ሮቺና ኮሮትኮፍ የተዉት የግፊት መለኪያ በእጃቸው አለ። የብራይት ማንኪያም በሽንት መመርመሪያ ወረቀት ተተክቶ በየላቦራቶሪው ይገኛል። በአራዳ ዘመን እነዚህን የሚጠቀምባቸው ሐኪም ጥቂት፣ የሚሰጠው መድኃኒትም ከዚያ ያነሰ ነበር። ዛሬ መለኪያውም መድኃኒቱም አለ። ከእጥበት ማእከሉ በር ላይ የሚቆመውን ሰልፍ የሚያሳጥረው በመጀመሪያ እዚያ፣ በጤና ጣቢያው ጠረጴዛ ላይ፣ የሚወሰደው ልክ ነው።